ሦስት ሰው በጠዋት

ኢቲቻ ወንድሙ መሞቱን ያመነው ማንም ስለነገረው አልነበረም። ያመነው፣ ወደ ቤት በደወለ ቁጥር «ዳና ደህና ነው» ስለሚሉት ነበር።

ጊዜው ታኅሣሥ 2008 ነው። ኢቲቻና እኔ ቱርክ አገር፣ ካይሴሪ በምትባል ብርዳም ከተማ ተማሪዎች ነበርን። እሱ የጫንጮ ልጅ ነው፤ ከሱሉልታ አልፎ፣ በፍቼ መንገድ። የማስተርስ ትምህርቱን በመስኖ ሥራ ይማር ነበር። እኔ የህያ እባላለሁ፤ የቡራዩ ልጅ ነኝ፤ ሲቪል ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። አገር ቤት ሳለን አንተዋወቅም። እዚያ ግን፣ ቋንቋውም ብርዱም አዲስ በሆነበት አገር፣ ጫንጮና ቡራዩ አንድ ሰፈር ሆኑ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰበው እሱ ቤት ነበር። ሌሎቻችን የምንኖረው ዶርም ስለሆነ ማብሰል አይፈቀድልንም፤ ሳምንቱን ሙሉ የካፌውን ሩዝና ምስር ሾርባ ስንበላ እንከርማለን። ኢቲቻ ግን ሃሊል ከሚባል ቱርካዊ ተማሪ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይቷል። የምንበላውን ማካሮኒ የሚሠራው ጋሽ ሽመክት ነው። ጋሽ ሽመክት የዓለም ገና ሰው ነው፤ አገር ቤት መምህር የነበረ፣ ለዶክትሬት የመጣ፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጥ። ማሪቱ የሰበታ ልጅ ናት፤ የሕዝብ ጤና ትማራለች። እሷ አታበስልም፤ ታርማለች።

«ጋሽ ሽመክት፣ ይሄ ሽንኩርት ገና ጥሬ ነው።»

«በስሏል።»

«ኧረ ጥርስ ላይ ይጮኻል! አንተ ዶክተር ስትሆን ተማሪዎችህን እግዜር ይጠብቃቸው።»

በርበሬው የጋለ ዘይት ሲነካ ሃሊል እያሳለ ይወጣና የሳሎኑን መስኮት ይበረግደዋል። በረዶው እየገባ እኛ እንበላለን። ትንሽ ቆይቶ እሱም ዳቦውን ይዞ ይመጣና ከሁላችንም በላይ ይበላል፤ ዓይኑ እያነባ።

አዲስ አበባን በዙሪያዋ ወዳሉት የእኛ ከተሞች ስለሚያሰፋው ማስተር ፕላን የተከራከርነውም እዚያ ቤት ነው። አባቴ አብዶ ቡራዩ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም ይሸጣል። ለእኛ ቤት የከተማ መስፋት ገበያ ነው። አንድ ቅዳሜ ይህንኑ ተናገርኩ። አዲስ አበባ ቢሰፋ መንገድ ይመጣል፣ ውሃ ይመጣል፣ ምን ከፋው አልኩ።

ኢቲቻ አልተቆጣም። ሹካውን አስቀመጠና «እናንተ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ውሃ የሚሄደው ወዴት ነው?» አለኝ።

«አዲስ አበባ።»

«እናንተ ቤትስ በየቀኑ ይመጣል?»

አይመጣም። እናቴ ጄሪካን ደርድራ ውሃ ስትጠብቅ የምታድርበት ቤት ልጅ ነኝ።

«አየህ፣ መንገዱም እንደዚያው ነው» አለ። «በእኛ ማሳ ላይ ያልፋል እንጂ ለእኛ አይመጣም።»

ጎረቤታቸው ማሳው ከተወሰደበት በኋላ፣ እዚያው ማሳ ላይ ለተሠራው ግቢ ዘበኛ ሆኖ መቀጠሩን የነገረኝም ያን ዕለት ነው። በሁሉም ነገር አልተስማማሁም፤ ሱቃችን የሚቆመው ቤት ሲሠራ ነውና። ዘበኛው ግን ከሐሳቤ አልወጣም።

ኅዳር ላይ በፕላኑ ላይ ተቃውሞ ሲነሳ ክርክሩ በራሱ ቆመ። ሁላችንም ስልካችን ላይ ተለጠፍን። መንገድ ተዘጋ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ተኩስ ነበረ፣ ልጆች ታሰሩ ይባላል። አባቴ ሱቁን ቆልፎ ቤት ተቀመጠ። ማሪቱ እናቷን አንዴ ታገኛለች፣ አንዴ ታጣለች። ክፍል ውስጥ መምህሩ ስለ ኮንክሪት ያስረዳል፤ እኔ በጠረጴዛው ሥር የስልኬን ብርሃን እጠብቃለሁ።

የኢቲቻ ግን ከሁላችንም የባሰ ነበር። ዳና ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ጫንጮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማር፣ ኢቲቻ ሲደውል ስልኩን ከእናቱ እጅ የሚነጥቅ ልጅ። ተቃውሞው ወደ እነሱ ከደረሰ ጀምሮ የዳና ስልክ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ብቻ ሆነ። እናቱ ጋ ሲደውል «ነጋ ዳ» ትለዋለች፤ ሰላም ነው፣ ደህና ነው። የት ሄደ ሲላት አንድ ቀን አክስቱ ጋ ነው። ሌላ ቀን ተኝቷል። ሌላ ቀን ስልኩ ውሃ ገብቶበታል። በመጨረሻ አባቱ ተቀበሉና «አንተ ትምህርትህን ተማር» ብለው ዘጉት።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለኢቲቻ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ በተለይ ውጭ አገር ላለ ሰው። መርዶ ሰው ይፈልጋል፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ እህል ሳይቀምስ መጥቶ በር ያንኳኳል። እስከዚያ ድረስ ሟቹ ደህና ነው። ቢበዛ ትንሽ አሞታል። ኢቲቻ የአጎቱን ሞት የሰማው ከተቀበሩ ከወራት በኋላ ነበር፤ እስከዚያ በደወለ ቁጥር አጎቱ ከብት ሊያዩ ወጥተው ነበር።

«ዳናንም ከብት ሊያይ ወጣ ያሉኝ ቀን አበቃ ማለት ነው» አለኝ አንድ ቀን ትራም ውስጥ። እየሳቀ ነበር የነገረኝ። ከዚያ በኋላ ሲስቅ አላየሁትም። ክፍል መግባት ተወ፤ ስልክ ማንሳትም ተወ። የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና እየደረሰ ነበር። አንድ ሐሙስ፣ ጋሽ ሽመክትና እኔ ልንጠይቀው ስንሄድ ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፍቶ አገኘነው።

«እሁድ በመጀመሪያው አውቶቡስ አንካራ እገባለሁ። ከዚያ አገሬ።»

ሳይፈተን ከሄደ ስኮላርሺፑ እንደሚሰረዝ ያውቃል። በዚያ ሰሞን ከውጭ ድንገት የተመለሰ የዚያ አካባቢ ወጣት ምን ሊገጥመው እንደሚችልም ሁላችንም እንጠረጥር ነበር። ጋሽ ሽመክት ለመነው።

«ቢያንስ ፈተናህን ጨርስ፣ ወንድሜ።»

«ጋሽ ሽመክት፣ ወንድምህ አፈር ለብሶ አንተ ብትሆን ትፈተን ነበር?»

እየወጣን ደረጃው ላይ ለአባቴ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ጫንጮ የምታውቀው ሰው አለ?»

«ከእኔ ሚስማር የሚወስድ ደንበኛ አለ። ምነው?»

ሁሉንም ነገርኩት።

«ይሄ በስልክ የሚጠየቅ ነገር አይደለም» አለ። «መኪና ካለ ራሴ እሄዳለሁ።»

«አያሰጋም?»

«ሱቅ ዘግቼ ግድግዳ ከማይ ይሻለኛል።»

ቅዳሜ፣ ሊመሽ ሲል ደወለ። ድምፁ ደክሟል። በአዲስ አበባ አቋርጦ፣ በሱሉልታ አልፎ ጫንጮ ደርሷል፤ ደንበኛው እነ ኢቲቻ ቤት አድርሶታል፤ ከዚያ ደግሞ ከእናትየዋ ጋር በእግር ገጠር ገብቷል።

«ልጁን በዓይኔ አየሁት። በሕይወት አለ። አጠገቡ ተቀምጬ እርጎ ጠጣሁ።»

የዶርሙ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። «አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ስልክህን አልሰጠኸውም?»

«ሰጠሁት፤ ግን ያለው አክስቱ ቤት ነው፣ ኔትወርክ የለም። የኔን ስልክ ደግሞ ታውቃታለህ፣ ፎቶ አታነሳም። ልጄ፣ ግራ ጉልበቱን ተመትቷል። በጥይት። ጥይቱ ወጥቶለታል፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አይሆንም ብለዋቸዋል። እናቱ እጄን ይዛ ለመነችኝ፤ ኢቲቻ ይህን ከሰማ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል አለች። አንተም ደህና ነው በለው። እግሩን ተው።»

ለኢቲቻ ደወልኩ፤ አላነሳም። ለጋሽ ሽመክትና ለማሪቱ ነገርኳቸው። የዶርሙ በር ሊዘጋ ነበር፤ የኢቲቻ ቤት ደግሞ ከከተማው ሌላኛው ዳር ነው። ጋሽ ሽመክት አሰበና ወሰነ።

«ባያነሳም ጥሩ ነው። በስልክማ ማንም ደህና ነው ይለዋል። አውቶቡሱ ሳይሄድበት በጠዋት ሦስታችንም ሄደን ፊት ለፊት እንንገረው። አንድ ሰው ሲነግረው ባያምን ሦስት ሰው ሲነግረው ያምናል።»

«እግሩስ?» አለች ማሪቱ።

«እናት ለምናለች። እንተወው።»

«ደስ አይለኝም» አለች፤ ግን እሺ አለች።

እሁድ በመጀመሪያው ትራም ሄድን። ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሮ ከተማው ጭር ብሏል። ማሪቱ ከብርዱ የተነሳ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማ፣ ጃኬቷን ከላይ ደርባ ነበር። ጋሽ ሽመክት ያለው አንድ ኮት ነው፤ ረጅም ነው፣ ጥቁር ነው። እኔ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ስላደርኩ ዓይኔ ደም መስሏል። ማናችንም ቁርስ አልቀመስንም። ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበርና አራቱን ፎቅ በእግራችን ወጣን፤ ትንፋሽ ስላጠረን አናወራም። ሦስታችንም የተማርን ሰዎች ነን፤ አንዳችንም ግን በር ላይ ስንቆም ምን እንደምንመስል አላሰብንም።

የከፈተልን ሃሊል ነው። ኢቲቻ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር፤ ሻንጣው አጠገቡ ቆሟል። ቀና አለ። መጀመሪያ የጋሽ ሽመክትን ኮት አየ፤ ከዚያ የማሪቱን ነጠላ፤ ከዚያ የእኔን ዓይን።

«ዋቃ ኮ!» አለ። አምላኬ።

ከዚያ ግንባሩ ወለሉን መታ። «ዳና! ዳና ኮ!» ድምፁ በደረጃው ታች ድረስ አስተጋባ።

ጋሽ ሽመክት ሮጦ ትከሻውን ያዘው። «አይዞህ! አይዞህ ወንድሜ፣ በርታ!» አለው። ከዚያ የባሰ ቃል ቢፈልግም አያገኝም ነበር። ኢቲቻ ይህን ሲሰማ የሸሚዙን ቁልፍ በጠሰው።

«ኢቲቻ፣ ስማኝ! ዳና ደህና ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«እሱንማ እናቴም ትለኛለች!»

«አባቴ በዓይኑ አይቶታል! ትናንት እዚያ ነበር!»

ለአፍታ ቀና አለ። «ኦቦ አብዶ? ከቡራዩ ጫንጮ ድረስ ሄዱ?»

«አዎ!»

«ለለቅሶ ካልሆነ እዚያ ድረስ ምን ያስኬዳቸዋል?» ብሎ እንደገና ተደፋ።

«እሺ ልደውልልህና ራሱ ይንገርህ።»

«ሽማግሌ አይደሉም እንዴ? መርዶ የሚነግረው ማን ሆነና!»

ሃሊል ክንዴን ያዘና በቱርክኛ «ማን ሞተ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ማንም አልሞተም።»

ኢቲቻን አየ። እኛን አየ። «ታዲያ ለምን መጣችሁ?»

«ማንም እንዳልሞተ ልንነግረው።»

ሃሊል ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ሻይ ሊጥድ ወደ ኩሽና ገባ።

ኢቲቻ ሻንጣውን ጨብጦ ሊነሳ ሞከረ። «ልቀቁኝ! ለቀብሩ አልደረስኩ፤ ለአርባው እንኳ ልድረስ!» ጋሽ ሽመክት አቅፎ ያዘው፤ በያዘው መጠን ኢቲቻ ይብስበታል። የምንናገረው እውነት ነው፤ ግን ለውሸት ስንገለገልበት የኖርነው ቃል ስለሆነ የሚያምነን አጣን። ጋሽ ሽመክትም ማልቀስ ጀመረ። እሱ ሲያለቅስ እኔም አለቀስኩ። ለቅሶው ደራ።

«ተነስ!»

ማሪቱ ናት። ነጠላዋን ከጭንቅላቷ ላይ ገፍፋ ጥላዋለች።

«ተነስ ከመሬት! በዚህ ብርድ፣ በባዶ ሆዴ፣ አራት ፎቅ የወጣሁት ያንተን ሙሾ ልሰማ ነው? ጅል! ሰው ሲያናግርህ አትሰማም?»

«ማሪቱ!» አለ ጋሽ ሽመክት ደንግጦ።

«ተወኝ! አንተም እንባህን ጥረግ፣ ሽማግሌ ሰውዬ! ደግሞ ይሄ ካልኩሌተሬን ወስዶ ቀረ፤ ሳይመልስ ሻንጣውን ሸክፏል። ሌባ! የጫንጮ ሌባ!»

ኢቲቻ ለቅሶውን አቋረጠ። አፉ እንደተከፈተ አያት። ወንድሙ የሞተበትን ሰው መርዶው ላይ ሌባ ብሎ የሚሰድብ ሰው እኛ አገር ገና አልተፈጠረም።

ማሪቱ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች። «ሞቶብህ ቢሆን እንዲህ እሰድብሃለሁ?» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። «እስቲ ንገረኝ። ማሪቱ እንደዚያ ያለች ሰው ናት?»

ኩሽና ውስጥ ማንቆርቆሪያው መፍላት ጀመረ።

«አይደለሽም» አለ ኢቲቻ ቀስ ብሎ። በእጁ ፊቱን ጠራረገ። ከዚያ ሦስታችንንም በየተራ አየን። «ታዲያ የደበቃችሁኝ ምንድነው? የምሥራች ይዞ የመጣ ሰው ፊት እንዲህ አይደለም።»

ጋሽ ሽመክት ወደ እኔ አየ። እኔ አይቻት የማላውቃትን እናቱን አሰብኩ፤ የአባቴን እጅ ይዛ ስትለምን። ብናገር ቃሏን ማፍረስ ነው። ዝም ብል ደግሞ ይሄ ሰው ከፊታችን ተነስቶ ይሄዳል፤ የለም ብሎ ያመነውን ወንድሙን ሊቀብር።

«ንገረው፣ የህያ» አለች ማሪቱ። «ወይ እኔ ልንገረው።»

«ተመትቷል» አልኩ። «ግራ ጉልበቱን። በጥይት። ጥይቱ ወጥቶለታል። እግሩ ግን እንደ ድሮው አይሆንም ብለዋል። አክስታችሁ ቤት ነው፣ ገጠር። አባቴ አጠገቡ ተቀምጦ እርጎ ጠጥቷል። እናትህ ናት እንዳንነግርህ የለመነችን።»

«ግራውን?»

«ግራውን።»

ኢቲቻ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ይሄኛው ለቅሶ ድምፅ አልነበረውም፤ ማናችንም አይዞህ አላልነውም።

«በሕይወት አለ» አለ ቆይቶ፣ ለራሱ። «ግራ ጉልበቱን ተመትቶ በሕይወት አለ።»

ሃሊል ሻዩን አመጣ። ዳቦ፣ አይብና ወይራም ደረደረልን፤ ኮሪደሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ። እንደዚያው ተቀምጠን በላን። ኢቲቻ አባቴን ስለ አክስቱ ቤት ጠየቀው፤ ስልኩን ሰጥቼው ራሱ ነው ያናገረው። በሩ ወዴት እንደሚከፈት ጠየቀ፣ ውሻው እንዳለ ጠየቀ፣ ቁስሉ ይሸት እንደሆነ ጠየቀ። አባቴም አንድ ሳይደብቅ ነገረው። አውቶቡሱ በዚህ መሃል ሄዷል፤ ያስታወሰው የለም።

«ካልኩሌተርሽ» አለ ኢቲቻ ሻዩን ሲጨርስ፣ «ሃሊል ጋ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ማሪቱ። «እኔ ነኝ ያዋስኩት።»

ፈተናውን ተፈተነ። አንዱን ወደቀ፤ ሌላውን አለፈ። ጥር ላይ ፕላኑ ተሰርዟል የሚል ዜና በመጣ ሰሞን፣ እሱ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ ስልኩ ጠራ። ዳና ነበር። ሱሉልታ ዘመድ ቤት አምጥተውታል፤ እዚያ ኔትወርክ አለ። ኢቲቻ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፈተው። የሚያወሩት በኦሮምኛ ነበር፤ የቡራዩ ልጅ ስለሆንኩ ሁሉም ይገባኛል።

«ነጋ ዳ?»

«ነጋ ዳ! ነጋ ዳ!» አለ ዳና፤ ድምፁ ከመጠን በላይ ደስ ያለው ነው። «ስልኬ ውሃ ገብቶበት ነው እኮ የጠፋሁት። ፈተና እንዴት ነው? በረዶውስ?»

«እግርህስ?»

«ማን ነገረህ?»

«አንዲት የሰበታ ሴት። ሰድባኝ ነው የነገረችኝ።»

ዳና ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። «ያመኛል» አለ። «ስተኛ ይብስብኛል። ለእማዬ አልነግራትም።»

«ለእኔ ንገረኝ።»

ነገረው። እንዴት እንደወደቀ፣ ማን እንደተሸከመው፣ ጓደኞቹ መጀመሪያ እየመጡ ይጠይቁት እንደነበርና አሁን እንደቀነሱ። ኢቲቻ አላቋረጠውም። ዳና ሲጨርስ «ልምጣ?» አለው።

«እንድትመጣ እፈልጋለሁ» አለ ዳና። «አሁን ከመጣህ ግን እማዬ ስለ ሁለታችንም መጨነቅ ልትጀምር ነው። ክረምት ላይ ና። እስከዚያ እነሳለሁ። አስፋልቱ ድረስ ወጥቼ እቀበልሃለሁ።»

«ትችላለህ?»

«አላውቅም» አለ ዳና።

ኢቲቻ ስልኩን ከጠረጴዛው አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገው። «እሺ» አለ። «ክረምት ላይ እመጣለሁ።»